ሰማዩ ለማን ነው የጠራው?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ቃል ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ፣ ጊዜ የሌላችሁ ደግሞ «ሴቭ» አድርጋችሁ ማታ አንብቡት።

ቃሏ «ካቮኬ» ትባላለች። አውሮፕላን ማረፊያ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ ገና ስታዩዋት ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ፤ የእናንተው እንጀራ ናት። ለሌሎቻችን ግን ከሥሯ እንጀምር።

አንድ አብራሪ ከመነሳቱ በፊት የሚነሳበትንም የሚያርፍበትንም ቦታ የአየር ሁኔታ ዘገባ ያያል። ሜታር ይሉታል። በየሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ የሚወጣ፣ በፊደልና በቁጥር የታጨቀ አንድ ሁለት መስመር ነው። ነፋሱ ከየት በኩል በስንት ፍጥነት እንደሚነፍስ፣ ዐይን እስከ ስንት ሜትር እንደሚያይ፣ ዝናብ ወይም ጭጋግ መኖሩ፣ ደመናው ስንት ጫማ ከፍታ ላይ እንደተዘረጋ፣ ሙቀቱና የአየር ግፊቱ በተርታ ይጻፋሉ። ቀኑ ጥሩ ሲሆን ግን የእይታው፣ የዝናቡና የደመናው ዝርዝር በሙሉ ይቀርና በቦታው ይህቺ ቃል ትገባለች፦ ካቮኬ። «ደመናውም እይታውም ደህና ነው» ማለት ነው።

ደህና ነው የሚባለው ታዲያ በዘፈቀደ አይደለም። እይታው 10 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከ5,000 ጫማ፣ ማለትም ከ1,500 ሜትር ገደማ በታች ደመና መኖር የለበትም። እንደኛ አገር ዙሪያው ተራራ ከሆነ ደግሞ መለኪያው ከፍ ይላል፤ አውሮፕላኑ ተራራውን በደኅና ለማለፍ ከተወሰነለት ከፍታ በታችም ሰማዩ ንጹሕ መሆን አለበት። ነጎድጓድ የሚያመጣው ግዙፍ ደመና በየትኛውም ከፍታ እንዲታይ አይፈቀድም። ዝናብ፣ ጭጋግ፣ የአቧራ ማዕበልም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ሲሟላ ነው ባለሙያው «ካቮኬ» ብሎ የሚጽፈው።

አሜሪካኖች ይህቺን ቃል በሜታራቸው አይጠቀሙባትም። የነሱ የድሮ አብራሪዎች የሚወዷት ሌላ ታላቅ እህት አለቻት፦ «ካቩ»። «ጣሪያውም እይታውም ገደብ የለውም» የሚለው ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት ተሰብስበው የወጣች ቃል ናት።

«ጣሪያ» ስል ያ «ዋጋው ጣሪያ ነካ» የምንለው አይደለም። የሰማይ ተመልካቾች ሰማዩን በሐሳባቸው ስምንት ቦታ ይከፍሉታል። አንድ የደመና ሽፋን ከስምንቱ እጅ አምስቱን ወይም ከዚያ በላይ ከያዘ፣ የዚያ ደመና የታችኛው ወለል «ጣሪያ» ይባላል። ጣሪያው ዝቅ ባለ ቁጥር አብራሪው መንገዱን፣ ተራራውንና ማረፊያውን ለማየት ያለው ዕድል እየጠበበ ይሄዳል። ዛሬ ከፍታው በጨረር መሣሪያ ይለካል። ድሮ ግን ፊኛ ይለቁ ነበር። ፊኛው በደቂቃ ምን ያህል እንደሚወጣ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ተመልካቹ ሰዓቱን ይዞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ፊኛው ደመና ውስጥ እስኪጠፋ ይቆጥራል። ማታ ደግሞ መብራት ወደ ላይ አብርተው ብርሃኑ ደመናው ላይ ያረፈበትን ነጥብ በማዕዘን ያሰሉ ነበር። ብዙ አብራሪዎች ደመና ውስጥ ገብተው ተራራ እየመቱ ባለቁበት በዚያ ዘመን «ጣሪያው ገደብ የለውም» የሚል ዘገባ መስማት፣ «ዛሬ ቤትህ ትገባለህ» እንደመባል ነበር።

ስለዚህ ቃሉ ከሥራ ወደ ኑሮ ቢገባ አይገርምም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ኦርሰን ዌልስ «ጣሪያው ገደብ የለውም» የሚል ስያሜ ያለው የሬዲዮ ዝግጅት ጀምሮ ነበር፤ ወጪውን የሸፈነው አውሮፕላን ሠሪው ሎክሂድ ቪጋ ነው። ሐረጉ የብሩህ ተስፋ መፈክር ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ «ካቩ»ን የኑሮ ቃል ያደረጋት ግን አባትየው ጆርጅ ቡሽ ነው። ሰውየው ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት የባሕር ኃይል አብራሪ ነበር። 18 ዓመት በሞላው ዕለት ተመዘገበ። 20 ዓመቱ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1944፣ ቺቺጂማ የምትባለውን የጃፓን ደሴት ሲደበድብ አውሮፕላኑ ተመታ። እሱ በጃንጥላ ወርዶ ባሕር ላይ ከቆየ በኋላ ሰርጓጅ መርከብ አነሳው። አብረውት የነበሩት ሁለቱ ጓዶቹ ግን ሞቱ። «እኔ ለምን ተረፍኩ?» የሚለው ጥያቄ እስከ እርጅናው አልለቀቀውም። በስተርጅናው ሕይወቱን በአንድ ቃል ሲገልጽ ታዲያ የመረጠው ያችኑ የወጣትነት ቃል ነው፦ ካቩ። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ጤና፣ ሰላም፤ ከፊት ደመና የለም ማለቱ ነው።

ያምራል። እኔም አያምርም አልልም። ግን የታሪክ አስተማሪ ነኝና አንድ ጥያቄ አያስተኛኝም። ሰማዩ «ደህና ነው» የሚለው ማን ነው? የተቀመጠውስ የት ነው?

እስቲ ወደራሳችን ቋንቋ እንምጣ። አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አልተበደረም። «ብራ» እንላለን። ዳመነ፣ ጨፈገገ፣ አካፋ፣ ዘነበ፣ አባራ፣ ብራ ሆነ። መስከረም ሲጠባ፣ አደይ ስትፈነዳ፣ ሰማዩ ታጥቦ እንደተሰጣ ነጠላ ሲሆን፣ ያ ነው ብራ። ግን ይኸው ቋንቋ «የብራ መብረቅ» የሚል አባባልም አለው። ከደመና መሐል የሚመጣ መብረቅ ያስፈራል እንጂ አያስገርምም። ከብራ የሚመጣው ነው ሰውን ድንጋይ የሚያደርገው። ማለትም አባቶቻችን ጥርት ያለውን ሰማይ ወደውታል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላመኑትም።

የ1994 ዓ.ም. እንቁጣጣሽን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ልጆች አበባ ሲያዞሩ ውለው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ፣ እዚያ ኒውዮርክ ገና ጠዋት ሳለ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሕንፃውን መታ። የዚያን ዕለት የኒውዮርክን ሰማይ ያዩ ሁሉ ጥራቱን ሳያነሱ አያልፉም። አሜሪካዊ አብራሪዎች ከመጠን በላይ ለጠራ ሰማይ «ሲቪር ክሊር» የሚሉት አነጋገር አላቸው፤ «ከባድ ጥራት» እንደማለት። እስከዚያ ቀን የሙያ ቀልድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የዚያች ማለዳ ስም ሆኖ ቀረ። የብራ መብረቅ ማለት ይሄው አይደል?

አሁን ወደ ኋላ፣ ወደ 1928 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። ጣሊያን ጦርነቱን የከፈተው መስከረም 22 ቀን ነው፤ ክረምቱ እንደወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መኪናው በጭቃ፣ አውሮፕላኑ በደመና እንዳይያዝ ነው። ለወራሪው ብራ የዘመቻ ወቅት ነበር። እውነት ለመናገር የእኛም ነገሥታት የሚዘምቱት በበጋ ነበር፤ ልዩነቱ በዚህኛው ጦርነት ሰማዩ ራሱ የጦር ሜዳ መሆኑ ነው። ኅዳር 26 ቀን ደሴ ስትደበደብ ቦምቡ ሆስፒታል ላይም ወደቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ላይ ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ የሰናፍጭ ጋዝ ከሰማይ ወረደ። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ጃንሆይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ሲያስረዱ፣ አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት እየሆኑ እየተከታተሉ የሚረጩት መርዝ እንደ ጉም ሆኖ ይጋረድ እንደነበር ተናግረዋል። ልብ በሉ፦ በዚያ በጠራ ሰማይ ላይ ጉሙን ያመጡት አውሮፕላኖቹ ራሳቸው ናቸው።

በዚያ ጦርነት የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ አብራሪ ሆኖ ዘምቷል። በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቦምብ ጥሎ ፈረሰኞች ሲበታተኑ ያየውን እንደምታብብ ጽጌረዳ ገልጾታል። መቼም ይህ ጭካኔ ነው ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ከላይ ሲታይ፣ በጠራ ሰማይ፣ ከርቀት፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ የሰው ሞት አበባ ሊመስል ይችላል። ለእሱ እይታው ገደብ አልነበረውም፤ ግን ምንም አላየም።

መሬት ላይ የነበረው ሰው ደግሞ ሌላ ሰማይ ነበር የሚለምነው። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር አውሮፕላን እንዳያገኘው በሌሊት ይጓዝ፣ ቀን ዋሻና ጫካ ይፈልግ ነበር። መጋቢት 22 ቀን ከማይጨው ጦርነት በኋላ አሸንጌ ሐይቅ ዳር ሲያፈገፍግ የተጨፈጨፈው፣ መሸሸጊያ በሌለው ገላጣ ሜዳ ላይ ነው። ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የነዳውን የመኪና ሠራዊት ጣርማ በር ላይ ያዘገየው ደግሞ የበልጉ ዝናብና ጭቃ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን ከተማዋ ከተያዘች በኋላም አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ የገቡት ሐምሌ 21 ቀን ነው፤ በክረምቱ ልብ፣ መንገድ በጭቃ፣ ሰማይ በደመና በተዘጋበት ሰዓት። አልተሳካላቸውም። ግን ጊዜውን ሲመርጡ ክረምትን ወገን አድርገው እንደቆጠሩት አያጠራጥርም።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945 ማለዳ፣ የአቶሚክ ቦምቡን ከያዘው አውሮፕላን ቀድመው ሦስት የአየር ሁኔታ ተመልካች አውሮፕላኖች ወደ ሦስት የጃፓን ከተሞች በረሩ። ሥራቸው ደመና ማየት ነበር። ወደ ሂሮሺማ የሄደው፣ ደመናው ከሰማዩ ከዐሥር እጅ ሦስቱን እንኳ እንደማይሸፍን በሬዲዮ አሳወቀ። የሂሮሺማ ዕጣ ያን ጊዜ ተቆረጠ። ከሦስት ቀን በኋላ ሁለተኛው ቦምብ የታሰበው ለኮኩራ ነበር። አብራሪዎቹ ዒላማውን በዐይናቸው ሳያዩ እንዳይጥሉ ታዘው ነበርና ከተማዋ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ደመናና ጭስ ጋረዳቸው። ትተዋት ወደ ናጋሳኪ ሄዱ። እዚያም ደመና ነበር፤ ግን በመጨረሻ ሽንቁር አገኙ። «የኮኩራ ዕድል» የሚል አባባል የቀረው ከዚያ ነው፦ ሳያውቁት ከጥፋት መትረፍ። በዚያን ዕለት ጠዋት «ምነው ሰማዩ በጠራ» ብሎ የተመኘ የኮኩራ ሰው ካለ፣ ምን እየተመኘ እንደነበር አላወቀም።

በዚያው ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1944፣ ጄኔራል ፓተን ቄሱን ጠርቶ የአየር ሁኔታ ጸሎት አስጻፈ። ጸሎቱ በካርድ ታትሞ ለወታደሮቹ ታደለ። የለመነው ብራ ነበር፤ ለመዋጊያ የሚሆን ብራ። ከገና ዋዜማ በፊት ሰማዩ ተከፈተ። ናዚን ለመመከት ነውና ማንም አይፈርድበትም። ከአውሮፕላኑ ሥር የሚውለው ሰው ግን በዚያው ሰዓት ለዚያው ፈጣሪ ተቃራኒውን ሊለምን እንደሚችል አስቡት።

የለመነም አለ። በደርግ ዘመን በትግራይም በኤርትራም፣ አውሮፕላን በሚያንዣብብባቸው አካባቢዎች ቀንና ሌሊት ቦታ ተለዋውጠው ነበር። ሰው በሌሊት ያርስ፣ በሌሊት ይገበያይ፣ ቀን ይሸሸግ ነበር። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ረቡዕ፣ በሐውዜን የገበያ ቀን፣ ጄቶች መጥተው ገበያተኛውን የጨፈጨፉበትን ዕለት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በፖለቲካው ማንም የፈለገውን ይበል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ዕለት ጠዋት አንድ ባለሙያ ዘገባ ቢጽፍና «ደህና ነው» ቢል፣ ለማን ነበር ደህናነቱ?

ይህን ጥያቄ ከማንም በተሻለ የመለሰው አንድ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013፣ ከፓኪስታን ሰሜን ዋዚሪስታን የመጣ የ13 ዓመት ልጅ አሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ ነበር። ከዓመት በፊት አያቱ በድሮን ተገድለዋል፤ እሱም ቆስሏል። ሰማያዊ ሰማይ መውደድ እንዳቆመ ተናገረ። አሁን የሚወደው ግራጫውን ነው፤ ምክንያቱም ሲዳምን ድሮኖቹ አይመጡም። ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። የ13 ዓመት ልጅ ደመና ሲያይ ኳሱን ይዞ ይወጣል፤ ብራ ሲሆን ቤቱ ይገባል። የሜታር ቋንቋ ለዚህ ልጅ ሙሉ በሙሉ ተገልብጧል።

ጦርነት ብቻ ግን አይደለም። ገበሬውን ጠይቁት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለሳምንታት ብራ የሆነ ሰማይ ለቦሌ ተቆጣጣሪ ካቮኬ ነው፤ ለወሎ ገበሬ ምህላ የሚያስይዝ መቅሠፍት ነው። በ1977ቱ ረሃብ ሰው ወደ ላይ አንጋጦ ይፈልግ የነበረው እንደ እጅ መዳፍ የምታህል ደመና ነበር። ጥርት ያለ ሰማይ ያን ጊዜ ባዶ ጎተራ ማለት ነው።

ይህን ብዬ ልዘጋው አስቤ ነበር። ግን ታሪክ ለአንድ ወገን ብቻ የምትመሰክር አይደለችም። ያ ዝናብ የነፈገ ሰማይ ነው የእርዳታ አውሮፕላኖችንም ያሳለፈው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1984 ጀምሮ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩሊሶች እህል ያመላልሱ ነበር። መኪና በማይደርስበት ደጋ ላይ መሬቱን ሊነኩት እስኪደርሱ ዝቅ ብለው ኩንታሉን ይጥሉ ነበር። በሥራው የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖችና የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም ነበሩበት። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን፣ ሁለቱ ጎራዎች በአንድ ገደል ላይ። በዚያ ተራራ መሐል እንደዚያ ዝቅ ብሎ ለመብረር አብራሪው ገደሉን በዐይኑ ማየት አለበት። ለዚያች ቀን፣ ለዚያች ኩንታል፣ ብራው በረከት ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ያው የአውሮፕላን ድምፅ ሌላ ቦታ ሰውን ወደ ዋሻ ያስሮጥ ነበር። ሰማዩ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚመጣው ነገርና ሥሩ የቆመው ሰው ነው።

ታዲያ ካቮኬ መጥፎ ቃል ናት? በፍጹም። ባለሙያዋ ሐቀኛ ናት። እንደ ካቩ «ገደብ የለውም» ብላ አትፎክርም፤ «ለበረራ ደህና ነው» ነው የምትለው፤ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ጫማ ብላ ወሰኗን አስቀምጣ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ችግር የሚመጣው እኛ ከሥራ ቦታዋ አንሥተን የኑሮ ቃል ስናደርጋት ነው። «አገሩ ሰላም ነው»፣ «ሁሉ ጥሩ ነው»፣ «ከፊት ምንም ደመና የለም» ስንል፣ ወሰኑን እንረሳዋለን። እስከ ስንት ኪሎ ሜትር አይተን ነው? ከየትኛው ከፍታ በታች? ለሚበረው ነው ወይስ ከሥሩ ለቆመው? ባለሙያው ሰማዩን እንኳ ለስምንት ከፍሎ፣ ለክቶ ነው የሚናገረው። እኛ ስለ አገርና ስለ ሰው ስንናገር ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ማድረግ አይገባንም።

ለዚህም ነው ቡሽን ሳነብ ከ«ካቩ»ው ይልቅ ጥያቄው የሚበልጥብኝ። ሕይወቱ ጠርቶለት ሳለ እነዚያን ሁለት ጓዶቹን አልረሳም። ጥርት ባለ ቀን ደመናውን ማስታወስ፣ ከሰውየው የምማረው ይህን ነው።

እስቲ እናንተም ተጨመሩበት። አቪዬሽን ውስጥ ያላችሁ፣ ካቮኬን በሥራ ቦታ ወግ እንዴት እንደምትጠቀሙባት ጻፉልን። ገጠር ያደጋችሁ ደግሞ፣ አያቶቻችሁ ለብራና ለደመና ዓይነቶች ያሏቸውን ቃላት አምጡልን፤ የጎጃሙ ከወሎው፣ የሸዋው ከጎንደሩ ይለያልና። አያት በሕይወት ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉና አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ «በልጅነትዎ ብራ ሲሆን ደስ ይልዎ ነበር ወይስ ይፈሩ ነበር?» መልሱን ኮመንት ላይ እጠብቃለሁ።